ለቅሶ የተጫወትን ቀን

አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሄኖክ ደግሞ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባባ ጌጃ ሰፈር ጫማ ይሠራ ስለነበር ሲያቅፈን ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸተን ነበር። መሞቱን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረንም። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ተባለና ድንኳኑ ሳይተከል ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ቤት ወሰዱን። እትዬ ዘሃራ ሻይ በብስኩት እየሰጡ፣ ቴሌቪዥን እየከፈቱ ሊያዘናጉን ደከሙ። እኛ ግን በግድግዳው በኩል የእማዬን ለቅሶ እንሰማ ነበር።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት እኔ፣ ሄኖክና የእትዬ ዘሃራ ልጅ ሐያት ጓሮ ለቅሶ መጫወት ጀመርን። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ ጥለን ድንኳን ሠራን። ሄኖክ «አባባን እኔ ልሁን» ብሎ ተጋደመ። እኔ የእማዬን ነጠላ አዘቅዝቄ ደረቴን እየመታሁ አለቀስኩ። ሟቹ አንድ ዓይኑን ገልጦ «ትንሽ ጮክ በይ እንጂ» ሲለኝ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ሳቃችንን የሰማችው አክስቴ ከቤት ወጣች። «ገና አፈሩ ሳይደርቅ ትስቃላችሁ? ምን ዓይነት ሟርት ነው ይሄ?» ብላ አንሶላውን ጎትታ ጣለችው። እስከዚያች ሰዓት አንድ ዘለላ እንባ ያላፈሰሰው ሄኖክ መሬት ላይ እየተንከባለለ ጮኸ። «ገና አልቀበርነውም። እናንተ ናችሁ የቀበራችሁት፤ እኛ አልቀበርነውም።»

እማዬ ከአክስቴ ኋላ ቆማ ሰምታለች። አንሶላውን አንስታ ገመዱ ላይ መለሰችው፤ ጎንበስ ብላ ገብታም አጠገባችን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔስ ማን ልሁን?» አለችው።

«አንቺማ ሚስቱ ነሽ» አላት ሄኖክ አፍንጫውን እየጠረገ።

«እሺ። በሉ እንግዲህ እንቅበረው።»

ሄኖክ ሮጦ ገብቶ የአባባን አንድ እግር ካልሲ ይዞ ተመለሰ። አጥሩ ሥር በማንኪያ ቆፍረን ቀበርናት። እማዬ አፈር ስታለብሳት «ሌላኛዋስ?» ብላ ጠየቀችው። «እሷን እኔ አደርጋታለሁ» አላት። ያኔ ነው እውነተኛው ለቅሶ የመጣብኝ። እማዬ ሦስታችንንም አንድ ላይ አቀፈችን፤ አክስቴም መጥታ ከጎናችን ተቀመጠች።

ዛሬ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ግቢው መሃል ይተከላል፤ ልጆቹ ግን እንደኛው ጊዜ ከለቅሶው ይርቃሉ፣ ልዩነቱ በብስኩቱ ፈንታ ስልክ መያዛቸው ነው። አንዳንዴ ወደ እኔ ቤት ይልኳቸዋል። እኔም ስልኩን ቀስ ብዬ እቀበልና «ማን እንደሞተ ታውቃላችሁ?» እላቸዋለሁ። ሁልጊዜም ያውቃሉ።