ለግራ እግሯ ሲባል የተገጠመ ካምቢዮ

ከሁሉ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ወልቂጤ ውስጥ ሞተር ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። መካኒክነትን ያስተማረችኝ ቡታጅራ መንገድ ዳር ተገልብጣ የቀረች አንዲት የጭነት መኪና ነች። ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ትቷት ነበርና ፈትቼ ገጠምኳት፣ ደግሜ ፈታኋት፣ በሦስተኛው ተነሳች። ዛሬ ዲፕሎማ ያላቸው መካኒኮች ሲቸግራቸው ይደውሉልኛል። እኔም አነሳላቸዋለሁ፤ የሚያውቅ ሰው ስልክ አይዘጋም።

አምና መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አታት አካባቢ የምትኖር አንዲት የቆጮ ነጋዴ አሮጌ ፒክአፗን አስጎትታ ግቢዬ መጣች። መኪናዋ አውቶማቲክ ነች። ካምቢዮው ተቃጥሎ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ጎማው አይዞርም። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ካምቢዮ አስመጥታ ከኋላ ጭናዋለች፤ የሚገጥምላት ግን አጥታለች።

"ሁለት ጋራዥ ሄድኩ" አለችኝ። "ሁለቱም 'አውቶማቲኩን አውጥተን በማኑዋል እንቀይርልሽ' አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"'ክላቹን እናንተ ትረግጡልኛላችሁ?' አልኳቸዋ።"

ግራ ጉልበቷ ከዓመታት በፊት ተሰብሮ አልታጠፍ ብሏታል። ክላች ያለው መኪና ከሆነ መሪውን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ነው። እሷ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ አገና ገበያ ራሷ ነድታ የምትመላለስ ሴት ነች።

"ጋሼ፣ ከመሪው ከወረድኩ ቤት መዋሌ ነው" አለች።

አውቶማቲክ ገጥሜ እንደማላውቅ አልነገርኳትም። ገጥሜ አላውቅም ማለት አልችልም ማለት አይደለም።

በሁለት ቀን አሮጌውን አወረድኩ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ውስጡን ፈታትቼ እያንዳንዱ ዕቃ ከየትኛው ጋር እንደሚነክስ አየሁ። ፊቱ ላይ ድስት የሚያህል ክብ ዕቃ አለ፤ ኮንቨርተር ይሉታል። የሞተሩን ጉልበት በዘይት አድርጎ ለካምቢዮው የሚያቀብለው እሱ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣውን ካምቢዮ ለማንሳት ግን ብቻዬን አልችልም፤ ማንሻ ማሽንም የለኝ። እኛ ዘንድ የጎጆ ምሰሶ የሚቆመው ጎረቤት ተጠርቶ ነውና እኔም አራት ጎረቤቶቼን ጠራሁ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ጓደኛዬ ሳይጠራ መጣ። መኪናዋ ግንድ ላይ ከፍ ብላ ቆማለች፣ እኔ ከሥሯ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ከካምቢዮው ሥር አሳልፈን፣ አራቱ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ጫፍ ጫፉን ያዙ። ልክ እንደ ምሰሶ አንዱ አቀነቀነ፣ ሌሎቹ "ሆ" እያሉ አነሱ። በየ"ሆ"ው ካምቢዮው ይናጣል።

ሞተሩ ጋር ሲደርስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

"በቡሎን ሳበው" አለ ጓደኛዬ። "ማኑዋል ስትገጥም እንደዚያ አይደል የምታደርገው?"

እውነቱን ነው፤ ቁልፉንም አንስቼ ነበር። ግን የአሮጌው ሆድ ትዝ አለኝ። መናጡ ኮንቨርተሩን ወደፊት አንሸራትቶታል፤ በቡሎን ብስበው ውስጥ ያለው የዘይት ፓምፕ ይሰበራል። ያኔ ማኑዋል ያሏት ሰዎች ልክ ሊሆኑ ነው።

"አውርዱት" አልኩ።

"የቆመ ምሰሶ አውርዱ የሚል ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ" አለ አንደኛው ጎረቤቴ።

"አርጅቷል በሉት" አለ ጓደኛዬ። "እጁ እየፈራ ነው።"

አወረዱት። ኮንቨርተሩ ሦስት ቦታ ካልነከሰ ገባ አይባልም፤ በመዳፌ ይዤ እየገፋሁ አዞርኩት። ቀጭ አለ። አዞርኩት፣ ቀጭ። ሦስተኛው ዘገየ፤ ሲመጣ ግን ዕቃው ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። እንዳይንሸራተት በቃጫ ገመድ አሰርኩትና "አሁን ያለ ሆታ አንሱ" አልኳቸው።

"ያለ ዜማ? ቀብር ነው እንዴ?"

በዝምታ ሞከሩት። አንዱ ሲያነሳ ሌላው ይቀራል፣ እንጨቱ ይጋደላል። ይሄኔ ግቢው ጥግ ሆና ስታየን የነበረችው ሴትዮ ከተቀመጠችበት እሹሩሩ ማለት ጀመረች፣ ሕፃን እንደምታስተኛ፣ ቀስ ብላ። ሰዎቹ እየሳቁም ቢሆን በእሷ ልክ አነሱ። ካምቢዮው ሳይናጥ ወጣ። ሞተሩ ጋር ሲቃረብ ገመዱን ፈታሁና በመዳፌ ገፋሁት። ገጠመ። ቡሎኑን ያጠበቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ዘይት ሞልቼ አስነሳሁት። ሴትየዋ ግራ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች፣ ማርሽ አስገባች፣ ከግቢው ወጣች። ስትቆይብን ጓደኛዬ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። እኔ አላየሁም።

"ጉብርዬ ድረስ ደርሼ መጣሁ" አለች ስትመለስ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ። "ዳገቱን አላወቀውም።"

እንግዲህ በዚያ ሳምንት የሠራሁት ይህ ነው፦

ከዚያ በፊት ነክተውት የማያውቁ እጆቼ አውቶማቲክ ካምቢዮ አውርደው ሌላ ገጠሙ።
የሚሰበር ፓምፕ ሳይሰበር አዳንኩ።
የጎረምሳ ጉልበት ያላቸው አራት ሽማግሌ ጎረቤቶቼ በእሹሩሩ እንዲሠሩ አደረግኩ።
አንድ ቡሎን ተርፎኛል፤ የቱ ጋ እንደነበር አውቃለሁ፣ አያስፈልግም።
"አርጅቷል" ያለኝ ሰው በሳምንቱ የራሱን መኪና እንድሠራለት ይዞ መጣ።
ሴትየዋም በመስቀል ሰሞን ቆጮዋን ጭና አገና ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፣ ራሷ እየነዳች።