አራተኛው ስፖኪዮ

ማክሰኞ ንጋት፣ አዳማ

ከአዳማ መናኸሪያ የተነሳሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። ያስቸኮለኝ የታላቅ ወንድሜ የሸምሱ ግትርነት ነው። ሸምሱ ከጭሮ ሚኤሶ ሚኒባስ ይነዳል። ከዓመታት ወዲህ ራሱን ያመዋል፤ አንገቱም አልዞር ብሎታል። በዚህ የተነሳ መኪናውን ሊሸጥ ነው። «አንገቱ የማይዞር ሾፌር ሰው ይጨርሳል» ይላል።

እኔም በቅርቡ በራስ ምታት ተሰቃይቼ መነጽር ሁሉ ገዝቼ ነበር። ለካ ጉዱ የተበላ መንጋጋ ጥርሴ ኖሯል። ከተነቀለ ወዲህ ራሴም አንገቴም ተገላገሉ። ባለፈው ሐሙስ ለሸምሱ ደወልኩለት።

«አንገቴን አመመኝ ስልሽ ጥርስህን አሳይ ትይኛለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። «እግሬን ቢያመኝ ጆሮዬን ልታስቆርጪ ነው!»

«እሺ፣ እስክመጣ መኪናውን አትሽጥ።»

«ነይ እስኪ፣ ኢንሻአላህ።»

የሸምሱ ኢንሻአላህ እሺም አይደለ፣ እምቢም አይደለ። ያኔውኑ መነሳት ነበረብኝ፤ ግን ሱቄን የሚይዝልኝ ሰው እስካገኝ ሰነበትኩ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከቦርደዴ እስከ ጭሮ

አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ቦርደዴ ላይ የከሰል ጆንያ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጥርሳቸው አልቆ ጫታቸውን አስወቅጠው በትንሽ ላስቲክ ይዘዋል። የምሄድበትን ነገርኳቸው።

«ራስ ምታት ከሆነማ ሐራራ ነው ልጄ» አሉኝ። «ትንሽ ሲቅምበት ይለቀዋል።»

«ሲቅምስ ኖሯል፣ አባባ።»

«እንግዲያ አንሶት ነው!»

ሳቅን። ሸምሱም እንዲሁ ነበር የሚለው። ራሱን ሲያመው ይቅማል፣ አንገቱን ሲያመው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። እኔም «ቅቤ ይቀቡህ» ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

ሚኤሶ ላይ መኪናችን ወደ ድሬዳዋ ስለሚቀጥል ወረድኩ። ተሳቢ መኪኖች ተደርድረዋል፣ ግመሎች በመካከላቸው ይሄዳሉ፣ ሴቶች የግመል ወተት በጀሪካን ይሸጣሉ። ለጭሮ የሚጭን ሚኒባስ አግኝቼ ከሾፌሩ ጎን ገባሁ። ቀና ስል ከመስኮቱ ቋሚ ላይ በሽቦ የታሰረች ክብ ስፖኪዮ አየሁ። ሁለቱ የውጭ፣ አንዱ የውስጥ፤ ይቺ አራተኛ ናት። ሸምሱ አንገቱ እምቢ ሲለው በገዛ እጁ ያሰራት ናት።

«ይሄ የሸምሱ መኪና አይደለም?» አልኩ።

«ነበር» አለ ሾፌሩ፣ ጣሃ የሚባል ወጣት። «አርብ ተፈራረምን። ወላሂ ጥሩ ሰው ነው፤ አንገቱ ነው ያስቸገረው።»

«እህቱ ነኝ። መልስልን ብልህስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። እንዴት በቀላሉ እንደዞረ! «ኦቦሌቲ» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፤ «በሬዎቼን ሸጬ ነው የገዛሁት። ምን ይዤ ወደ እርሻ ልመለስ?»

ዳገቱን ስንወጣ ማሽላው፣ የጫቱ እርከን፣ ቀዝቃዛው አየር ሁሉ መጣ፤ ሌላ ጊዜ ደስ የሚለኝ መንገድ ነው። ጭሮ እስክንገባ ግን ያቺን ስፖኪዮ ብቻ ሳይ ቆየሁ። በጣም ቆጨኝ።

ሸምሱ ከበሩ ፊት ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ስጠራው ትከሻውንም ወገቡንም አንድ ላይ አዙሮ አየኝ።

«እስክመጣ ጠብቅ አላልኩህም?»

«ጥርስ ጥርስ ስትይ ቀልድ መስሎኝ ነው» አለ።

ረቡዕ፣ ጭሮ

አፌን ለማዘጋት ብሎ ጥርስ ክሊኒክ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ናት። በትንሿ መስታወት እጀታ የግራ መንጋጋውን መታ ስታደርገው ከወንበሩ ዘለለ።

«በየት በኩል ነው የሚያኝኩት?»

«በቀኝ።»

«ጫትም?»

«ሁሉንም።»

«የግራው ተሰንጥቋል፤ ሥሩም መግል ይዟል» አለችው። «እሱን ላለመንካት አንዱን ጎን ብቻ ሲያሠሩ፣ እንቅልፍ ላይም ጥርስዎን ሲነክሱ፣ የመንጋጋው ጡንቻ ይወጠራል። ወደ ጆሮ ግንድና ወደ ማጅራት ይስባል። የአንገት ሕመም ሁሉ ከጥርስ ነው ማለቴ አይደለም። የእርስዎ ግን ይመስለኛል። በምን ተሰነጠቀ?»

ሸምሱ እኔን አየኝ። በየሰርጉ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት እሱ ነበር። ቆርኪውን ሲተፋ የምናጨበጭበው ደግሞ እኛ።

ተነቀለ። ጡንቻው የሚለቀው ቀስ እያለ ስለሆነ እንዲታገስ ነገረችው። ወደ ቤት ስንመለስ ጥጡን እንደነከሰ፣ «ስንት ወጌሻ አሸኝ» አለ። «አንዱም አፍህን ክፈት አላለኝም። እኔም አልከፈትኩም።»

እሑድ ጠዋት፣ መመለሻ

ሸምሱ ሊሸኘኝ መናኸሪያ መጣ። ሌሊቱን ራሱን ሳያመው እንዳደረ የነገረኝ እንደ ጥፋት አቀርቅሮ ነው። ተራው የጣሃ ሆነ።

ጣሃ ሲያየን ወረደ። ሽቦውን ፈትቶ ክቧን ስፖኪዮ ለሸምሱ ሰጠው። «ኦቦ ሸምሱ፣ ይቺን እርስዎ ይያዟት። ለእኔ አልሆነችኝም።»

ሸምሱ በእጅጌው ወለወላት። «ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታስቸግራለች» አለው፣ መኪናዋን ማለቱ ነው። «አትቆጣት፣ ታገሣት።»

«እሺ።»

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። መኪናው ተነስቶ ሸምሱን አለፈው። ዞሬ አየሁት። ስፖኪዮዋን ይዞ እንደቆመ ነው፤ እግሩም ትከሻውም አልተነቃነቀም። አንገቱ ብቻ ቀስ ብሎ ዞረና እስከ ኩርባው ድረስ ተከተለን።