አስታማሚ አይደለሁም

ታላቅ ወንድሜ ባሕር ዳር የፋብሪካ መካኒክ ነበር። እናትና አባታችን ሲሞቱ ከሐረር አምጥቶ እሱ አሳደገኝ፤ ኋላም አስተማሪ ሆንሁ። በከተማው ከሁለታችን በቀር ዘመድ አልነበረንም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አንድ ክረምት እግሩ ያብጥ ጀመር፤ ቆይቶም ፊቱ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል። ደም የሚያጥብ መሣሪያ እዚህ የለንም። ተስፋው ውጭ አገር ሄዶ የሌላ ሰው ኩላሊት ቢተከልለት ነው፤ የእናቱ ልጅ ብትሰጠው ይሻላል» አለኝ።

«እኔ አለሁ» አልሁት።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «ገና ትዳር ያልያዝሽ ልጅ ነሽ። በእኔ የተነሳ በቢላ አትቀደጂም» ብሎ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ እኔስ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» ስለው አብሮኝ ማዕድ ቀረበ። ይህን እንደ እሺታ ቆጠርሁት።

ደማችን ተመርምሮ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ሁለታችንም ከአገር እንድንወጣ ፈቃድ የሚጠይቅ ማመልከቻ አዲስ አበባ ሄደ። ስንጠብቅ ጨው ተከለከለ፤ ውኃም በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ አልተፈቀደለትም። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ስንቀመጥ፣ ያ ሁሉ ውኃ ፊቱ ተዘርግቶ፣ እሱ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ይመላለሱ ነበር፤ በሽታው ሲረዝም ቀሩ። አልፈርድባቸውም።

በሚያዝያ የእሱ ፈቃድ መጣ፤ የእኔ የለም። በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ድረስ ሄድሁ።

«የሚወጣው በሽተኛው ብቻ ነው። ለአስታማሚ የውጭ ምንዛሪ የለም» አለኝ ኃላፊው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ጓድ፣ እኔ አስታማሚ አይደለሁም። የሚተከልለት ኩላሊት እኔ ጋ ነው ያለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «እንግዲያው ሌላ ማመልከቻ ይጻፉ» አለ። እዚያው ቆሜ ጻፍሁ።

በነሐሴ አንድ ጧት፣ ትራሱን ሳስተካክልለት፣ ወንድሜ እጄን እንደያዘ አረፈ። እስከ ሠልስቱ ሰው አልተለየኝም፤ ከዚያ ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ሰው ሳላናግር ውዬ የማድርበት ቀን ብዙ ነበር።

በጥቅምት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለታችንም እንድንወጣ ተፈቅዷል ይላል። ለማን እንደማሳየው ቸግሮኝ ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። ሁለቴ አነበበው። በሩ ላይ ብዙ ሕመምተኛ እየጠበቀው፣ «ተቀመጪ» አለኝ። በሩን ዘግቶ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበና ረጅም ጊዜ አብሮኝ ተቀመጠ።