ያላየሁትን የመሰከርኩበት ወረቀት

በሰፈራችን ምስክር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ሦስት ነዋሪዎች ቆመው «እናውቀዋለን፣ እዚህ ነው የሚኖረው» ማለት አለባቸው። እኔ ከቆምኩ ሌላ ጥያቄ አይነሳም። ካልቆምኩ ሌሎቹም ያመነታሉ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም። ባሌ ከሞተ በኋላ አንድ ልጄን ያሳደግኳት ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና መጋዘን፣ ከጠረጴዛ ላይ የተበላሸ ፍሬ እየለቀምኩ ነው። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም ነበር። ለዚህም የሚጠሉኝ ነበሩ።

አንድ ጊዜ ከሸቤ በኩል የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ደጃፌ ላይ ቆመች። ከቀድሞ ቀበሌዋ የሚያሰናብታት መሸኛ ደብዳቤ የላትም። ሁለት ዓመት እዚህ ኖራለች ብዬ እንድመሰክርላት ለመነችኝ።

«ያየሁሽ ባለፈው ረመዳን ነው፤ ሁለት ዓመት አልልም» አልኳት።

«ማሎ አዴ፣ እባክሽ፣ አንድ ቃል ናት።»

«የምትከብደው እሷ አንዷ ናት።»

ሕፃኗን አስተካክላ አዝላ ሄደች። የት እንደደረሰች አላውቅም። የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልነሳኝም።

ልጄ በሌላ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ከዚያ ድንገት አሜሪካ ሄደች። ትምህርት አገኘሁ አለችኝ፤ አመንኳት። እዚያ በአንድ ትንሽ ከተማ የደከሙ ሽማግሎችን እያጠበችና እያበላች ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ። አብራት የምትኖረው የአገራችን ልጅ ናት።

«እናቴ፣ አይደንግጡ» አለችኝ። እንዲህ የሚል ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ሳይዝ አይደውልም።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ የመኪናዋ የኋላ መብራት አንዱ ተቃጥሎ ኖሯል። የከተማው ፖሊስ አስቆማት። መንጃ ፈቃዷን አየ፣ ከዚያ የመኖሪያ ወረቀቷን ጠየቃት። የጥገኝነት ማመልከቻዋ ገና መልስ አላገኘም፤ የሥራ ፈቃዷም ለእድሳት ገብቶ ቀኑ አልፎበታል። ወሰዳት።

በጓሮ ክፍሌ ከደሴ የመጣች፣ ሕግ የምታጠና ተማሪ ተከራይታለች። ጠራኋትና ነገርኳት። በስልኳ ስትፈልግ ቆየች።

«መብራት ተቃጠለ ብሎ ያስቆመ ፖሊስ ስለ መኖሪያ ወረቀት ምን አገባው?» አልኳት።

«በፊት አያገባውም ነበር እማማ። የፌደራል መንግሥቱ ሥራ ነበር። አሁን ልጅዎ ያሉበት ግዛት ምክር ቤት የራሱን ሕግ አውጥቷል። የከተማ ፖሊስ በማንኛውም ምክንያት ያስቆመውን ሰው ከተጠራጠረ ወረቀት ይጠይቃል፤ ከሌለው ለኢሚግሬሽን ያስረክባል። ካላስረከበ እሱም ይጠየቃል።»

«በምን ነው የሚጠረጥረው?»

ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። «በመልክ እንዳይሆን ይላል። በምን እንደሚሆን ግን አይልም።»

«በጠረኗ ነዋ።»

ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አፈረችና አፏን ሸፈነች። አልተቆጣኋትም። እኔም ወደ ሳቅ ቀርቤ ነበር።

ሕግ ጠልቼ አይደለም። መሸኛ አምጣ ሲባል ያደግኩ፣ አምጣ ብዬም የመለስኩ ሰው ነኝ። ግን ጠያቂው ሁሉንም ይጠይቅ። የአንዲት ነጭ ሴት መብራት ሲቃጠል አምፖል ቀይሪ ተብላ የምትሸኝ ከሆነ፣ ይኼ ሕግ የወጣው በመብራት ላይ አይደለም፤ በልጄ ላይ ነው።

ጓደኛዋ እንደገና ደወለች። ዳኛ ፊት የምትቀርብበት ቀን ተቆርጧል። ጠበቃ አላገኙም። «ከአገር ቤት የሚሆን ማስረጃ ካለ ይላኩልን፤ እኔ አስገባለሁ» አለችኝ። ምን ዓይነት ማስረጃ ብዬ አልጠየቅኳትም። ማስረጃ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም። ሰው ከተያዘ፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ከሰላማዊ ቤት የወጣ ነው፣ ከማንም ተጣልቶ አያውቅም ብሎ ጎረቤት ይመሰክርለታል። በእኛ ዘንድ ሰው የሚወጣው እንዲህ ነው።

ተማሪዋን ወረቀት አስያዝኳት።

«ጻፊ። ልጄ በሰላም ተወልዳ በሰላም አድጋለች። ከማንም ጋር ተጋጭታ አታውቅም። ማንም አስሯት፣ ነክቷት፣ አስፈራርቷት አያውቅም። ከአገሯ የወጣችው በሰላም ነው።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «እማማ፣ ጥገኝነት ከሆነ የጠየቁት ይኼ ነገር... መጀመሪያ እሳቸውን ብንጠይቅ?»

«ታስራ እንዴት ትጠየቃለች?»

«ጓደኛቸውን እንኳ።»

«ጓደኛዋ ወልዳታለች? ውሸት ጻፊ አላልኩሽ። ያልኩሽን ጻፊ።»

ጻፈች። አብረውኝ ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ሁለት ጎረቤቶቼን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሦስታችንም ፈረምን፣ ማኅተም ተመታበት። ትርጉም ቤት በእንግሊዝኛ ገለበጡልን። ተማሪዋ ፎቶ አንስታ ላከችው። ከልጄ መታሰር ወዲህ የዚያን ቀን ብቻ ምሳ በላሁ።

ዳኛው ፊት የሆነውን የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት፤ እያለቀሰች። የመንግሥት ጠበቃው የእኔን ወረቀት አነበበ። ልጄ ለጥገኝነት ባስገባችው ጽሑፍ አገሯ ውስጥ ተይዣለሁ፣ ተደብድቤያለሁ ብላ ኖሯል። እናትሽ ማንም አልነካትም ትላለች፣ እናትሽ ትዋሻለች? አላት። ልጄ «እናቴ አትዋሽም» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከሳምንት በኋላ ራሷ ከእስር ቤቱ ደወለች። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሀርሜ ነው የምትለኝ፣ በኦሮምኛ። የዚያን ቀን እማዬ አለችኝ።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ያልሽው እውነት ነው?»

«ተይው።»

«አልተወውም። እውነት ነው?»

«አስራ አንድ ቀን ሰዎች ይዘውኝ ነበር። ማን እንደሆኑ እስከዛሬ አላውቅም።»

የትኞቹ አስራ አንድ ቀኖች እንደሆኑ ወዲያው አወቅኩ። ታይፎይድ ይዞኝ ጓደኛዬ ቤት ተኝቻለሁ ብላኝ ነበር። ከዚያ ለዒድ ስትመጣ በዚያ ሙቀት እጅጌ ረጅም ልብስ አላወልቅ አለች። አልጋዋን ገፍታ ከበሩ ፊት ለፊት አደረገችው። እኔ ምን አልኳት? ቤት አታበላሺ፣ ወደ ቦታው መልሺው አልኳት። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ ነቀዝ የበላውን ቡና ከደህናው የምለይ ሴት፣ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ አላየኋትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ዝም ትያለሽ? በየቢሮው ትጮሂ ነበር። አንቺንም ይወስዱብኝ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ እጮህ ነበር።

በማግስቱ ከሁለቱ ጎረቤቶቼ አንዷን ይዤ ቀበሌ ተመለስኩ። ጸሐፊው ትሑት ልጅ ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«ያንን ወረቀት ሰርዝልኝ» አልኩት። «የማላውቀውን ነው የመሰከርኩት ተብሎ ይጻፍ።»

«ታዲያ ልጅዎ ተይዘው እንደነበር ይመሰክራሉ?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው አለ?»

«የለም። አላውቅም ብለህ ጻፍልኝ።»

«እማማ፣ አላውቅም ለሚል ደብዳቤ ማኅተም አይመታም። ምን ብዬ ነው የማረጋግጠው?»

ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አየሁ በይ። ወላሂ እኔም አየሁ እላለሁ። አንድ ቃል ናት።»

የሸቤዋ ሴት ፊቴ ላይ መጣች፣ ሕፃኗን እያስተካከለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩና «አየሁ» አልኩ።

ጸሐፊው ተነስቶ ፋይሉን አወጣና ባለፈው ወር የፈረምኩበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «እዚህ ላይ ማንም አልነካትም ብለዋል። ይኼ ፊርማዎ ነው። የትኛውን ልያዝ?» አላፌዘብኝም። ቢያፌዝብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቃል ነበረኝ፤ እሱንም ሰጥቼ የሚቀበለኝ አጣሁ።

ዳኛው ጥገኝነቱን ከለከላት፤ ይግባኙም አልተሳካም። ልጄን ሊመልሷት ነው። ሰፈሩ እየመጣ አልሀምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ ልትመጣልሽ ነው ይለኛል። ስንት ዓመት ለዚህ ዱዓ ሳደርግ አይተውኛልና አልፈርድባቸውም። የያዟት ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ አሁን የት እንዳሉ፣ መምጣቷን ይስሙ አይስሙ አላውቅም። ከማን እንደምጠብቃት ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቃት? የመብራቱን ፖሊስ አልረሳሁትም፣ ያንን ሕግ ያወጡትንም አልማርኳቸውም። ግን እነሱ በሩን ነው የከፈቱት፤ እጇን ይዞ ያስወጣት የእኔ ወረቀት ነው።

መጨረሻ ስትደውል ምን ላዘጋጅልሽ አልኳት። የምትወደውን ምግብ ትነግረኛለች ብዬ ነው።

«ክፍሌ በር ላይ ከውስጥ የሚቆለፍ ብረት አስገጥሚልኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ትናንት አናጢ አምጥቼ አስገጠምኩ። ብረቱ ወፍራም ነው። አናጢው ብሎኑን እያጠበቀ «ሌባ ገብቶብዎት ነው እማማ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።