የአያ መንገሻ ደም ከማንም አይፈለግ

ገሳይ ከተማ አጠገብ ወድቀው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት የገቡት አጎቴ አያ መንገሻ በሦስተኛው ቀን አርፈዋል። ለቅሶ የደረሳችሁ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። እንዴት እንደወደቁ ግን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ። «በዱላ ተመትተው ነው» የሚለው ወሬ እስከ ጉና ስለወጣ፣ ልጆቻቸውም ጠመንጃ መወልወል ስለጀመሩ፣ በሰው ፊት መናገር የሚያስፈራኝ እኔ ይህን ጻፍሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ለመጻፍ ይበቃኛል።

አያ መንገሻ ደም አድራቂ ነበሩ። ሰው ተገድሎ ሁለት ቤት በጠመንጃ ሲፈላለግ መሐል ገብተው ያስታርቃሉ። አንድ ጊዜ አንድ ገዳይ እኛ ቤት ተጠግቶ ሳለ ደመኞቹ መጥተው በሩን በድንጋይ ደበደቡት። እሳቸው ከፈቱና «ግቡ፤ መጀመሪያ ምሳ ብሉ፣ ቀጥሎ እኔን ግደሉ፣ እሱን በመጨረሻ። በባዶ ሆድ ሰው አይገደልም» አሏቸው። አንዱ ሳይወድ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ መተኮስ አቃተው።

ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ በኋላ ደም ግፊት ተጨመረ። ለምርመራ ደብረ ታቦር የምወስዳቸው እኔ ነበርሁ። ነርሷ አስተኝታ ስትለካቸው ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ አስቁማ ስትለካቸው ቁልቁል ይወርዳል። «ስኳሩ ነርቭዎን ጎድቶታል። ብድግ ሲሉ ደምዎ ወደ ራስዎ ቶሎ አይደርስም። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሡ» አለቻቸው።

«አስተኝተሽ ጀግና፣ አስቁመሽ ፈሪ አደረግሽኝ» ብለው አሳቋት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «የሰው ደም ሳበርድ ኖሬ የራሴ አልታዘዝ አለኝ፣ ጥሩዬ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሊነሡ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ «አያ፣ ቀስ ብለው» እላለሁ። ሽማግሌዎች ፊት ሲሆን በሹክሹክታ።

የወደቁ ዕለት በግጦሽ ጠብ የተጋደሉ ሁለት ወገኖችን ሜዳ ላይ አስቀምጠው ነበር። ጠመንጃው ሁሉ ራቅ ብሎ ከድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጧል። ከገዳይ ወገን አንዱ የሟችን ወንድም «ወንድምህ ሲሞት እንደ በግ ጮኸ» ብሎ ሰደበው። ወንድምየው ዱላውን አንሥቶ ዘለለ። አያ መንገሻም ዱላውን ሊይዙ ብድግ አሉ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስሁባቸውም። ሁለት እርምጃ ሄደው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ በግንባራቸው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ዱላው ገና አየር ላይ ነበር።

«ሽማግሌውን ገደለ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ሁሉም ወደ ጠመንጃው ተራወጠ። አንዱ ባላንጣውን በድንጋይ መትቶ ጥርሱን አረገፈው። ከገዳይ ወገን ሌላው ጠመንጃውን አቀባብሎ የሟች ወንድም ደረት ላይ ደገነ። እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም፤ አፈሙዙን ይዣለሁ።

«አልነካቸውም! ሲነሡ ግፊታቸው ወርዶ ነው!»

«ዞር በይ አንቺ! ሴት በደም ነገር ምን አገባት?»

«ሲነሡ ክንዳቸውን የምይዘው እኔ ነኝ! ዛሬ አልያዝኋቸውም! ደማቸውን ከፈለግህ ከእኔ ፈልግ!»

አፈሙዙ ዝቅ አለ። የሟች ወንድም ዱላውን ጥሎ አያ መንገሻን አዘለና ወደ መኪናው መንገድ ሮጠ። ደማቸው በጀርባው ላይ ይወርድ ነበር። ገደላቸው የምትሉት እሱን ነው።

በማግስቱ ዓይናቸውን ገልጠው «ተታኮሱ?» አሉኝ።

«አልተታኮሱም፣ አያ።»

«እንግዲያ የኔን ደም እንዳትቆጥሩት» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ልጆቻቸው፣ ወንድሞቼ፣ አባታችሁ ያደረቁትን ደም በስማቸው አታርጥቡት። ስኳርና ግፊት ያለባቸው ወላጆች ያሏችሁም ቆመው እንዲለኩ አድርጉ፤ ሲነሡም ክንዳቸውን ያዙ።

አያ፣ ያን ቀን እጄ አልደረሰም፤ ይቅር ይበሉኝ። መለከት ተነፍቶ የጉና ሙታን ሁሉ ብድግ ሲሉ አንቱ አብረው ብድግ እንዳይሉ። መጀመሪያ ይቀመጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ይጠብቁኝ። መጥቼ ክንድዎን እይዛለሁ።

አያ፣ ቀስ ብለው።