ባሮ ዳር ያለው መንኮራኩር

ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነበር። ወባ ይዟት ሳምንት ሙሉ ተኝታ ስትነሣ፣ ነርስ የሆነው ባለቤቴ የገባላትን ቃል አስታወሰችው፤ ባሮ ዳር ወዳለው የልጆች መጫወቻ ሊወስዳት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሄድን። የጋምቤላ ሙቀት ያን ቀን ከፀሐይ ሳይሆን ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። ቦታውን የማውቀው ከመንገድ ላይ ነው፤ ከማንጎ ዛፎቹ በላይ፣ ሰው በወንበሮቹ አሳፍሮ ሽቅብ ቁልቁል የሚዞረው የትልቁ መንኮራኩር አናት ብቅ ብሎ ይታየኛል። ስንገባ ከእኛ በቀር የመጣ ቤተሰብ አልነበረም። ከዥዋዥዌዎቹ የቀረው ሰንሰለቱ ብቻ ነው። ቀለማቸው የተላጠ የብረት ፈረሶች ሁሉም ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆመዋል። አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አንዱ ፈረስ ላይ ቆሞ በአጠገቡ ስናልፍ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሱት አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ነበሩ። ሳያሳፍሩን በፊት ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ቆዩ።

«አባባ፣ ምን እየሰሙ ነው?» አልኳቸው።

«ይናገራል» አሉ። «ዛሬ ዝም ብሏል። ዝም ጥሩ ነው። ግቢ።»

ሳቅሁ። ባለቤቴ አልሳቀም። ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰና ጣቱ ላይ የቀረውን ዝገት እያየ፣ «እናንተ ውጡ፣ እኔ ከታች ልሁን» አለ። ያኔ እንመለስ ማለት ነበረብኝ። ልጄ ግን እጄን እየጎተተች ሳጥን ወንበሩ ውስጥ አስገባችኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ አናት እንደደረስን መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ፤ ሲያሰማ የነበረው ሙዚቃም መሐል ላይ ተቆረጠ። ቁልቁል ስመለከት ባሮ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ቀና ብለዋል። የሚዋኙት ልጆችም ቆመዋል። ሁሉም ወደ እኛ ያያሉ፤ ግን የሚያዩት እኛን ሳይሆን ከእኛ በታች ያለ አንድ ነገር ነው።

ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ሆኖም የተደገፍኩት ብረት ማንጎራጎር ጀመረ። ድምፁን ከጆሮዬ ይልቅ ጥርሴ ሰማው።

«እማዬ፣ ማናት የምትዘፍነው?» አለች ልጄ።

«ማንም የለም።»

«አለች። ሴትዮ ናት።»

«አትንቀሳቀሺ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው ከታች። «ልጅ ያዢ! በእጅ አወርዳለሁ!»

የመንኮራኩሩን ጠርዝ ይዘው መሳብ ጀመሩ። በሳቡ ቁጥር አንድ ክንድ ያህል እንወርዳለን፤ እንጉርጉሮው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ከመንኮራኩሩ ምሰሶ ሥር እጁን አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ቆሟል።

«አንተ! አግዛቸው እንጂ!» አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። በልቤ ረገምኩት።

ስንወርድ የሽማግሌው መዳፎች ደም በደም ነበሩ። ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት በክርናቸው ወደ በሩ ገፉኝ፤ «ሂጂ፣ ሂጂ።» ባለቤቴ ከቆመበት የተነሣው እኛ በሩ ጋ ከደረስን በኋላ ነው። እግሩን ሲያነሣ ከኋላችን ብረት ከሲሚንቶ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ።

መንገድ ላይ ኩርፊያዬን አይቶ ነገረኝ።

«የምሰሶው እግር ብሎን የለውም። ሽማግሌው በሳቡ ቁጥር ጣት የሚያስገባ ያህል ብድግ ይላል። ላዩ ላይ ቆምኩበት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትንቀሳቀሺ ነበር።»

ልጃችን ከፊታችን እየዘለለች ትሄድ ነበር። መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ የቦታውን ኃላፊ አነጋገርን። በጨዋ ደንብ አዳመጠንና «እናየዋለን» አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግቢያችን ተቀምጠን ሳለ ሙዚቃው ከወንዙ በኩል መጣ። ባለቤቴ ጫማውን አደረገ። ተከትየው ሄድኩ።

መንኮራኩሩን አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ያዞራል። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከበሩ ውጭ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ አጠገባቸው ቆመ፤ እሳቸው በአኙዋኛ፣ እሱ በአማርኛ፣ ለሚመጣው ወላጅ ሁሉ መናገር ጀመሩ። አንዳንዱ ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። አንድ አባት ግን እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ መንኮራኩሩን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ልጆቹ እሺ አይሉኝም» አለና ገባ።

ያን ቀን ማንም አልወደቀም። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንመለስ የባለቤቴ ድምፅ ሲናገር ከመዋሉ የተነሣ ተዘግቶ ነበር።