ማኪና አይጾምም

ማኪናን ማቆየት ፊደል እንደ መቁጠር ነው ብዬ አምን ነበር። ሀ ሳይታወቅ ሁ አይነበብም፤ ቤንዚኑ ሳይጣራ ሞተሩ አይነሣም። ሥርዓቱን ያወቀ ሰው በአንድ ማኪና ሃያ ዓመት ይገለገላል፣ ያላወቀው በአንድ ክረምት ይገድለዋል። ይህንን ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም አስረዳ ነበር። ያኔ ገና ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።

ጣሊያን ጎንደር ከገባ በኋላ የማስተምርበት ቤት ተዘግቶ የጤፍ መጋዘን ሆነ። ጥቂት ፈረንሳይኛ ስለማውቅ ጣሊያንኛውን ቶሎ ለመድኩትና የመንገድ ሥራ ለሚያዝ አንድ ኢንጂኔር አስተርጓሚና ዕቃ ጠባቂ ሆንኩ። የምኮራበት ሥራ አልነበረም፤ እንጀራ ነበር።

ኢንጂኔሩ በግቢው ውስጥ ሣር አስተክሎ፣ ሣሩን የሚያጭድ ማኪና ከአሥመራ አስመጥቶ ነበር። ከፊቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ስለቶች፣ ከኋላው የብረት መንከባለያ፣ በላዩ ደግሞ ሁለት ብርሌ ጠጅ የሚያህል ቤንዚን የሚይዝ ቆርቆሮ ያለው ነው። ማስነሻ እጀታውን፣ ማኖቬላውን፣ ጨብጠው በኃይል ሲያዞሩት ይነሣል። ጎረቤቱ በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ይገረማል። ሣር ታጭዶ ለከብት አለመሰጠቱ አንድ ነውር ነው፣ በቤንዚን መታጨዱ ሌላ። አንዲት ጎረቤት የታጨደውን ለምና ወስዳ፣ ላሟ አሽትታ ፊቷን ብታዞር ጊዜ፣ እኔ የበደልኳት ይመስል መልሳ አምጥታ እግሬ ሥር አፈሰሰችው።

አትክልተኛው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከማክሰኝት ወገን የመጡ ሰው ነበሩ። ሁላችንም አያ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ የነጋዴ በቅሎ ሲጭኑና ሲነዱ ኖረው፣ የሚስታቸው ዓይን ሲጠፋ ነው መንገዱን ትተው ከተማ የተቀመጡት። ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚፈልጡት፣ እሷን ደጅ የሚያወጡትና የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። ልጅ የላቸውም።

ከእሳቸው በፊት የነበረው አትክልተኛ የመጀመሪያውን ማኪና ድንጋይ ላይ ነድቶ ስለቱን ሰብሮት ነበር። ኢንጂኔሩ ሳይቆጣም ሳይጮህም ከሊማሊሞ ወደ ድብ ባሕር የሚወርደውን መንገድ ከሚፈልጡት ጋር ላከው፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ አልታየም። ይህኛው ማኪና ከቆመ አያም ወደዚያው ናቸው። ኢንጂኔሩ ይህን በአፉ ተናግሯል፣ እኔም በአፌ ተርጉሜላቸዋለሁ። ድንጋዩን አልፈሩትም።

«እሷንስ ማን ይመራታል?» ብቻ ነው ያሉት።

እንግዲህ ማኪናውን ማኖር የእኔም ጉዳይ ሆነ። ሥርዓቱን በደብተር ጻፍኩ። ቤንዚኑ በአሮጌ ነጠላ ተጣርቶ ይግባ፤ ትንሽ ቆሻሻ ጉሮሮውን ያንቀዋልና። እሳት የሚጭረው ካንዴላ በየሳምንቱ ወጥቶ ጥቀርሻው ይጠረግ። ሣሩ ዐሥር ጊዜ ከታጨደ በኋላ ዘይቱ ይለወጥ። ከማጨድ በፊት ድንጋዩ ይለቀም። ማኪናው ከሳምንት በላይ የሚያርፍ ከሆነ ቤንዚኑ ይቀዳ፤ ቆሞ ከሰነበተ ሙጫ ይሆናልና። አያ ማንበብ ስለማያውቁ በየጠዋቱ አነብላቸዋለሁ። ዳዊት እንደሚሰማ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኝና ሲያልቅ ሁሉንም ወደ በቅሎ ይመልሱታል። ድንጋይ መልቀሙ ኮቴ መጠበቅ ነው። ካንዴላ መጥረጉ የልጓም ብረት ማጠብ ነው። ሞተሩ እንደጋለ ቤንዚን እንዳይጨመርበት ላስረዳ ስጀምር ደግሞ፣ ላብ ላይ ያለች በቅሎ ውሃ እንደማትጠጣ ሕፃን ያውቀዋል ብለው አቋረጡኝ። ትክክል ነበሩ፤ እኔ ሳላስተምራቸው ትክክል መሆናቸው ግን ከነከነኝ።

ችግሩ በቅሎዋ ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኗ ነው። አጭደው ሲጨርሱ ሞተሩን ብርድ እንዳይመታው በደበሎ ያለብሱታል። ትኩስ ብረት መተንፈስ አለበት፣ ጠጉሩም ይቃጠላል ብዬ ሦስት ቀን አስረዳሁ። ሦስቱንም ቀን «ሸጋ፣ ገብቶኛል» አሉኝ። በአራተኛው ቀን የተለበለበ የበግ ጠጉር ሽታ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

ፍልሰታ ሲገባ ኢንጂኔሩ ለሦስት ሳምንት አሥመራ ወረደ። አያ ጾሙን ቤተ ክርስቲያን እየዋሉ ሊያሳልፉ ፈቃድ ጠየቁ፣ እኔም እናቴን ለማየት እንፍራንዝ ለመሄድ አሰብኩ። ከመለያየታችን በፊት ቤንዚኑን አብረን ቀዳነው። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ በዓይኔ አይቼ ደብተሬ ላይ «ባዶ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ጾሙ ሐሙስ ተፈታ፣ አርብ ጠዋት ተገናኘን። ኢንጂኔሩ ሰኞ ይገባል። ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፏል። በነጠላ ያጣራሁትን ቤንዚን ይዤ ክዳኑን ብከፍት ቆርቆሮው እስከ አፉ ሞልቷል።

«አያ፣ ባዶ አድርገነው አልነበር?»

«አድርገነው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሞላ?»

«እኔ ልጹም፤ ሰው ነኝ። እንስሳ ባዶ ሆዱን ታስሮ ሲሰነብት ቅዳሴ ቆሜ ምን ብዬ ልጸልይ? በሁለተኛው ቀን መጥቼ አጠጣሁት።»

«እንስሳ አይደለም አያ፣ ማኪና ነው። ማኪና አይጾምም።»

«እኔም አይጾምም ነው ያልኩ። ደሞስ ጉሮሮ አለው፣ ይተነፍሳል፣ ይጠጣል ያልከኝ ማነህ?»

ይባስ ብሎ ያጠጡት ከደጅ ከነበረው ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ ጠፍቶ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቷል። ወደ ብርሌ ቀድቼ አሳየኋቸው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ስለዚህ ከታች ይተኛል፤ ሞተሩ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። ብርሌውን ወደ ፀሐይ አንሥተው ሁለቱ ተለያይተው ሲታዩ በጣም ተደነቁ። ይህን የመሰለ ነገር እያወቅህ እስከዛሬ ምነው ደበቅኸኝ ብለው ወቀሱኝ።

እኔ በነጠላ ያጣራሁትም ከዚያው ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ በሙሉ ስለተበላሸ ንጹሕ ቤንዚን ፍለጋ ገበያ ሄድን። ቤንዚንና ላምባ የሚሸጠው ሙስሊም ነጋዴ ለጁምዓ ዘግቶ ሄዷል። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ከመስጊድ ሲመለስ ከሩቅ አየንና ጺሙን እየዳበሰ መጣ።

«መምህር፣ ሣር ትላጫላችሁ አሉ። ይችንስ ትሞክሩልኛላችሁ?»

አያ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅኩም። ቤንዚኑን በጠርሙስ ተቀብለን ስንመለስ ቀኑ ተጋምሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳስበው ዛሬም ራሴን እነቀንቃለሁ። ቤንዚኑና አየሩ የሚቀላቀሉበትን ዕቃ፣ ካርቡራቶሩን፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ላጠራው በካቻቪቴ ፈትቼ ቁርጥራጮቹን ነጭ ጨርቅ ላይ በወጡበት ተራ ደረደርኳቸው። የሚፈታ ሰው እንዲህ ማድረግ አለበት፤ የመጨረሻው የወጣው መጀመሪያ ይገባልና። ከሁሉ ትንሿ የክብሪት እንጨት የምታህል የናስ መርፌ ናት፤ ቤንዚኑን የምትመጥነው እሷ ናት። ይህንን ለአያ ሳስረዳ መርፌዋን እንደ መጠቆሚያ ይዤ ወዲያና ወዲህ አወናጭፋት ነበር። «ስለዚህ» ስል ከጣቴ አምልጣ ሣሩ ውስጥ ገባች።

እስኪመሽ በእጃችን ዳበስን። አያ አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ጨለማው ሲይዘን ወገባቸውን ይዘው ተነሡና ሚስታቸው ብቻዋን መሆኗን ነግረውኝ ሄዱ።

እንዲህ ያለ ረቂቅ ብረት የሚሠራ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቤተ እስራኤል መንደር የሚኖር አንጥረኛ። ቅዳሜ በማለዳ የመርፌዋን ሥዕል በልኳ ሥዬ ሄድኩ። ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ሰንበቱ መሆኑ መንገዱን ሁሉ ትዝ አላለኝም ነበር። አንድ ሰው ሊጋዝ መሆኑን፣ ሚስቱም ዓይነ ስውር መሆኗን ነገርኩት። አዘነ፤ ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እሠራልሃለሁ አለ። እኔ ግን ዝም ብዬ አልሄድኩም። ሥዕል ማየት ሥራ እንዳልሆነ፣ አይቶ ቢያድር ነገ እንደሚፈጥንለት አስረዳሁት። ወረቀቱን ስዘረጋለት ፊቱን አዞረ።

«ለአንተ ማየት ነው፤ ለእኔ ሥራ ነው። ካየሁት እጄ ይጀምራል።»

አርቡን ነጋዴው ወሰደው፣ ቅዳሜውን አንጥረኛው ወሰደው። እሑድን ማን እንደሚወስደው አውቄው ነበር።

እሑድ ጠዋት አንጥረኛው አንድ አሮጌ ወስፌ አጋለና ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ፣ ሥዕሉ ላይ እያስተኛ ለካት። ከፋብሪካዋ መርፌ ትወፍር እንደሆነ እንጂ አትቀጥንም። ይዣት ግቢ ስደርስ አያ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ለብሰው የዛፉ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህር፣ ሰንበት ነው፤ እጄን አላነሣም። አፌ ግን አልታሰረም።»

እውነትም አልታሰረም። ካርቡራቶሩን ስገጥም ብሎኑን እንዳላጠብቅ፣ ቤንዚኑን ስጨምር እንዳልቸኩል፣ ማኖቬላውን ስይዝ አውራ ጣቴን ከጣቶቼ ጋር በአንድ ወገን እንዳደርግ ይነግሩኛል። ለዚህ የመጨረሻው አልታዘዝኩም። ማኖቬላው መልሶ መታኝና አውራ ጣቴ አበጠ። አያ ካሉበት ሳይነሡ ከንፈራቸውን መጠጡ። አሥራ አምስት ጊዜ አዞርኩ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ደብተሩን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።

«ደብተሩን ተወው። ከጾም እንደወጣ ነው፣ አታጣድፈው። ጠጥቶ ሆዱ እስኪገባለት ቁጭ በል።»

ከድካም የተነሣ ተቀመጥኩ። ቤንዚኑ ወፈር ባለችው በአዲሷ መርፌ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይወርድ ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ሳሰላስለው ነው። ጥቂት ቆይቼ ተነሥቼ ባዞረው በሁለተኛው ዙር አጉረመረመና ተነሣ። አያ ሰንበት መሆኑን ረስተው እጃቸውን አጨበጨቡ።

ሰኞ ገና ሲነጋ ሣሩን አጨዱት። ኢንጂኔሩ ቀትር ላይ ገብቶ ግቢውን ዞሮ አየና ማኪናው እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። «ደኅና ነው» ብል ይበቃ ነበር። አያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቤ ቆመዋል፤ ቦታቸውን አጸናላቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቤንዚኑን እንዴት እንደሚያጣሩ፣ ካንዴላውን እንዴት እንደሚጠርጉ፣ በጋለ ሞተር ላይ እንደማይጨምሩ፣ ያለ መለዋወጫ ዕቃ ማኪናውን ዓመት ከመንፈቅ እንዳኖሩት አስረዳሁ። ይህ ሰው የሞተርን ሕመም ተቀምጦ በጆሮው ያውቃል አልኩት። ኢንጂኔሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አዳምጦኝ አያውቅም። ፈገግ አለና አያን ትከሻቸውን መታ አደረጋቸው። ከዚያ ለእኔ ነገረኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ አያ። እሱ ፈገግ ስላለ እሳቸውም ፈገግ ብለዋል።

ድብ ባሕር መንገድ ላይ ዐለት የሚበሳ ትልቅ ማኪና አለ፤ የሚይዙት ሁሉ እያበላሹት ተቸግረዋል። ማኪና ማኖር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። ሐሙስ በጭነት ማኪና ይሄዳሉ። ይህንን ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ ሥራዬ እሱ ነው።

አያ ሣሩን አዩ።

«ማኪናው ከቆመ አልነበር የምሄደው?»

«ነበር።»

«አልቆመም እኮ።»

ወደ ኢንጂኔሩ ዞሬ ሽማግሌ ናቸው፣ ሚስታቸው አታይም አልኩ። ሹመት ነው አለኝ። በጾሙ ቤንዚኑን ከውሃ ጋር የቀላቀሉት እሳቸው ናቸው ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ግን እንዲህ ካልኩ ለቅጣት ይሄዳሉ፤ ካላልኩ ለሹመት ይሄዳሉ፤ የጭነት ማኪናው ያው አንድ ነው። በሕይወቴ ማስረዳት ያቃተኝ ያን ቀን ነው፤ ያቃተኝም ብዙ ካስረዳሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ሚስታቸውን በበቅሎ አስቀምጠው ማክሰኝት ወንድሟ ቤት አድርሰዋት ረቡዕ ሌሊት ተመለሱ። ሐሙስ ጠዋት ልሸኛቸው ሄድኩ። የጭነት ማኪናው ላይ ከሲሚንቶ ጆንያ በላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልላቸው ተጠጋሁ።

«ያኛውም ቤንዚን ነው የሚጠጣ?» አሉኝ ከላይ ሆነው።

ናፍጣ ነው አልኳቸው። ናፍጣ ይወፍራል፤ ማኪናውም ካንዴላ የለውም፤ እሳቱ የሚነሣው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እሱ ካርቡራቶር የለውም ግን ማጣሪያ አለው፣ ማጣሪያው ደግሞ እያልኩ ከጎኑ መሄድ ጀመርኩ። አያ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ፣ ማጣሪያውን ማስረዳቴን ቀጠልኩ።